የተቆጣ ሕዋስ እንዴት ይታወቃል?

በደቡባዊው የአዲስ አበባ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚገኘው የሀና ማርያም ሠፈር፣ እንደ ሌሎቹ የከተማችን ሠፈሮች ሁሉ፣ ምች የመታው ሰው አስቀድሞ የሚፈለግለት ዳማከሴ ነው። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል። በሳይንሳዊ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም የተባለው ይህ ተክል ትኩሳትንና ሕመምን የማስታገስ ባሕርዩ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ተጠንቷል። ነገር ግን በሰው ሕዋስ ውስጥ የመቆጣትን ምልክት በእርግጥ ያስቆማልን? ለዓይን የማይታየውን ምልክትስ እንዴት ማየት ይቻላል?

ቁስል ሲቆጣ የምናየው መቅላትና እብጠት መነሻው በሕዋሳት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ራንጃን ሴን እና ዴቪድ ባልቲሞር ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለውን ፕሮቲን አስተዋወቁ። ይህ ፕሮቲን በሰላሙ ጊዜ ከአንድ ገቺ ፕሮቲን ጋር ታስሮ ከኑክለስ ውጭ ይቆያል። ቲኤንኤፍ-አልፋን የመሰለ የአደጋ መልእክተኛ ከሕዋሱ ሲደርስ ግን ገቺው ይፈርሳል፤ እስረኛውም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ኑክለስ ገብቶ፣ 10 ያህል ፊደላት ባሉት አጭር የዲኤንኤ ቦታ ላይ ያርፍና የመቆጣትን ጂኖች ያስነሣል።

ተመራማሪዎች ይህን ማረፊያ ለራሳቸው ዓላማ ይጠቀሙበታል። ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጄሊፊሽ ያገኘው አረንጓዴ ፈካሪ ፕሮቲን 238 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ ይፈካል። ለዚህ ፕሮቲን ግኝትና ማደግ ሺሞሙራ፣ ማርቲን ቻልፊ እና ሮጀር ቺየን እ.ኤ.አ. በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የፕሮቲኑ ጂን ከተደጋገሙ የኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ማረፊያዎች ኋላ ተቀጥሎ ወደ ሰው ሕዋስ ሲገባ ጠቋሚ ጂን ይባላል። የደጁን ደወል ከመብራት ጋር እንደ ማያያዝ ነው፤ እንግዳው ሲደውል መብራቱ ይበራል።

እንግዲህ የዳማከሴን ጭማቂ ለመፈተን፣ ጠቋሚውን የያዙ ሕዋሳት ከፊሎቹ ቲኤንኤፍ-አልፋ ብቻ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጭማቂው ተጨምሮ ይሰጣቸዋል። ከሰዓታት በኋላ የብርሃኑ መጠን ይለካል። ጭማቂውን ያገኙት ደብዝዘው ቢታዩ «መድኃኒቱ ሠራ» ማለት ይቀናናል።

ውድ አንባቢ፣ ጥንቃቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሞተ ሕዋስም አይበራም። ሕዋሱን የመረዘ ጭማቂ፣ መቆጣትን ያበረደ መስሎ ሊታይ ይችላል። የቅጠሉ ቀለምም ብርሃኑን ሊውጥ፣ ወይም ራሱ ሊፈካ ይችላል። በተጨማሪም አረንጓዴው ፕሮቲን አንዴ ከተሠራ በሕዋሱ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ስለሚቆይ፣ ምልክቱ ካቆመ በኋላም መብራቱ ይታያል፤ ስለዚህ ማብቃቱን ለመከታተል ቶሎ እንዲፈርስ የተደረገ ዓይነት ያስፈልጋል። በመሆኑም ጠንቃቃ ተመራማሪ የሕዋሳቱን በሕይወት መኖር ለይቶ ይመረምራል፤ በማንኛውም ሁኔታ የሚበራ ሌላ ቀይ ፈካሪ ፕሮቲን ይጨምራል፤ ጭማቂውን ብቻውንም ይለካል። አረንጓዴው ቀንሶ ቀዩ ሳይነካ ከቀረ ውጤቱ ይታመናል፤ ሁለቱም አብረው ከጠፉ ግን የደበዘዘው ምልክቱ ሳይሆን ሕዋሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ያለፈ ጭማቂ እንኳ ገና መድኃኒት አይባልም፤ በሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ጨጓራም ጉበትም የለውምና። ቢሆንም ከአያቶቻችን የወረስነውን ዕውቀት የምናከብረው ፈተናውን በማቅለል ሳይሆን፣ መብራቱ ሲጠፋ «ሕዋሱስ በሕይወት አለን?» ብለን በመጠየቅ ነው።