«ስምህን አውሰኝ»

በክርያት ሐይም ማታ ማታ በትምህርት ከምናግዛቸው ልጆች አንዱ በቅርቡ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «አንድ ሰው ታላቅ ወንድሜን ‹መኪና በስምህ ላስመዝግብ፣ ለውለታህ ገንዘብ እሰጥሃለሁ› አለው። ወንድሜ የሰረቀው ነገር የለም፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?» ልጁ የጠየቀው በቅንነት ነው። መልሱን በደንብ ለመረዳት ግን የወንጀል አለቆች ለልጆቻቸው ሀብት የሚያስቀምጡበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል።

ሰው ሁሉ ለልጁ ያስባል፤ የወንጀል አለቃም እንዲሁ። ሠርቶ ያገኘ ሰው ንብረቱን በራሱ ስም ይይዛል፤ ሲሞትም ለልጆቹ በኑዛዜ ወይም በሕግ ይተላለፋል። የወንጀል አለቃ ግን ንብረት በስሙ ከተገኘ «ከየት አመጣኸው?» ይባላል። ስለዚህ ቤቱን በአማቱ፣ ሱቁን በእህቱ ልጅ፣ መኪናውን ደግሞ በአንድ ምስኪን ወጣት ስም ያደርጋል። ጥሬ ገንዘቡንም ታማኝ በሚለው ሰው ዘንድ ይደብቃል። አለቃው የሞተ ዕለት ያ ታማኝ ሰው «የምን ገንዘብ?» ቢል ልጆቹ ማስረጃ የላቸውም። ፍርድ ቤት ሄደው «የአባታችን ነበር» ለማለትም አይደፍሩም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ማየር ላንስኪ ነው። ላንስኪ በአሜሪካና በኩባ የቁማር ቤቶች ስሙ የገነነ አይሁዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ እስራኤል መጥቶ «ሖክ ሃሽቩት» በሚባለው የመመለስ ሕግ መሠረት ዜግነት ጠየቀ። ሕጉ ግን የወንጀል ታሪክ ያለውንና ለሕዝብ የሚያሰጋውን ሰው መከልከል ስለሚፈቅድ መንግሥት ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1972 ውሳኔውን አጸናው። ላንስኪ በ1983 ማያሚ ቢች ውስጥ ሲሞት 300 ሚሊዮን ዶላር ደብቋል ይባል ነበር። ይህ ገንዘብ ግን እስካሁን አልተገኘም። አካል ጉዳተኛ የነበረው ታላቅ ልጁ አባቱ ከሞተ በኋላ ተቸግሮ፣ በመንግሥት ድጎማ እየተረዳ በ1989 አረፈ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ግን በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተምሮ በ1954 ተመርቆ ነበር። ከአባቱ ዘንድ ጸንቶ የቀረለት ሀብት ይህ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

ሌሎች ደግሞ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ያንኑ የወንጀል ሥራ ነው። የሲሲሊው ማፍያ አለቃ ቶቶ ሪና በ1993 ተያዘ። ታላቁ ወንድ ልጁ ገና በ20 ዓመቱ ገደማ ታስሮ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ታናሹም በማፍያ አባልነት ታሰረ።

በእስራኤልም ሕጉ የቤተሰቡን በር ያንኳኳል። በ2000 የወጣው «ሃልባናት ሆን» የተባለው የገንዘብ አጠባ ሕግ፣ የተፈረደበት ሰው የራሱ ንብረት ካልበቃ፣ ወንጀሉን ከፈጸመ በኋላ ለሌላ ሰው በነፃ ያስተላለፈውን ወይም የገዛለትን ንብረት ፍርድ ቤት እንዲወርስ ይፈቅዳል። በ2003 የወጣው የወንጀል ድርጅቶች ሕግም የንብረት ውርስን ይጨምራል። ለልጅ የተሰጠ አፓርታማ ሳይቀር ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። «ስምህን አውሰኝ» ወይም «የባንክ ሂሳብህን ለጥቂት ቀን ስጠኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው የራሱን ስም ከወረቀት ላይ ማጥፋት ነው። መኪናው በስምህ ከሆነ የትራፊክ ቅጣቱ ወደ አንተ ቤት ይመጣል፤ ፖሊስም መጀመሪያ የሚጠራው አንተን ነው። ገንዘቡ የወንጀል መሆኑን እያወቀ ባለቤቱን ለመደበቅ የተባበረ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። እየጠረጠረ ዓይኑን የጨፈነም እንደሚያውቅ ሊቆጠር ይችላል።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ብዙ ጊዜ የዕብራይስጡን ደብዳቤ የሚያነብላችሁ ልጃችሁ ነው። በስሙ የመጣ፣ እናንተ የማታውቁት የመኪና ወይም የባንክ ወረቀት ካያችሁ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ጠይቁት። የፈረመ ካለም ቶሎ የሕግ ባለሙያ ያማክር፤ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ውስጥ የሕግ እርዳታ ክሊኒኮች አሉ።

ለልጁም ይህንኑ በአጭሩ ነገርነው። ወላጆቻችን ብዙ ገንዘብ አላወረሱንም፤ ያወረሱን ንጹሕ ስም ግን አለን። እሱን ለማንም አናውስ።