ጫማ ሰፊው ምክትል ፕሬዚዳንት

አባቱ የእንጨት መሰንጠቂያ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ያገኛትንም ይጠጣታል። በ1812 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፋርሚንግተን በምትባል ስፍራ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ጄርማያ ጆንስ ኮልባዝ ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ የአንድ ሀብታም ጎረቤት ስም ነው። ጎረቤቱ ሚስት አልነበረውምና ለሞክሼው አንድ ነገር ያወርሰው ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ቤሳ አላወረሰውም።

ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ወላጆቹ እስከ 21 ዓመቱ እንዲያገለግል ለአንድ ገበሬ በውል ሰጡት። ገበሬው ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ በብርድ ወራት ለአንድ ወር ትምህርት ቤት ይልከዋል። በዓመት አንድ ወር! የቀረውን ትምህርት ያገኘው ጎረቤቶች ከሚያውሱት መጻሕፍት ነው፤ ቀን በእርሻ ሲደክም ውሎ ማታ ያነባል። ውሉ ሲያበቃ የ11 ዓመት ድካሙ ዋጋ አንድ ጥማድ በሬና ስድስት በግ ሆነ። ሲሸጣቸው 85 ዶላር ገደማ አወጡለት።

ቀጥሎ ያደረገው ለወላጅ ጆሮ ደስ አይልም፤ አባቱ ያወጣለትን ስም በሕግ አስቀይሮ ሄንሪ ዊልሰን ተባለ። መጠጥንም እርም አለ። ከዚያ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተጉዞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ናቲክ ከምትባል ከተማ ደረሰና ጫማ መስፋት ተማረ።

በ1836 ሥራ በዝቶበት ጤናው ሲታወክ ለማረፍ ወደ ዋሺንግተን ሄደ። እዚያ ጥቁሮች እንደ ከብት ሲሸጡ፣ ቤተሰብም ሲበተን አየ። በልጅነቱ ከቤቱ ወጥቶ ለሰው ላደረ ሰው ይህ እይታ ከሌላው ይልቅ የከበደው ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ባርነትን መቃወም የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ሆነ፤ ፖለቲካ ውስጥ ገባ፤ በ1855 ሴናተር ሆነ። መንገዱ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ መጤዎችን ከሚጠላ ፓርቲ ጋር የሰነበተበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን በዋሺንግተን ከተማ ባርነትን ያስቀረውን ሕግ ለሴኔት ያቀረበው እሱ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን ሚያዝያ 16 ቀን 1862 ፈረሙበት፤ ከ3,000 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። ካሳው የተከፈለው ግን ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነበር! ዕለቱ ዛሬም በዋሺንግተን የሕዝብ በዓል ነው፤ እዚያ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ በየዓመቱ ሲከበር ሳትሰሙ አትቀሩም። ጥቁር ወታደሮች ከነጭ እኩል ደመወዝ እንዲያገኙም ታግሏል።

ቤቱ ግን ባዶ ቀረ። የጥቁር ወታደሮች መኮንን የነበረው አንድ ልጁ በ1866፣ ባለቤቱ ሃሪየት በ1870 ሞቱ። በ1873 የዩሊሰስ ግራንት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ ለበዓሉ ወጪ የሚሆን 100 ዶላር ከጓደኛው ከሴናተር ቻርልስ ሰምነር ተበድሮ ነበር። ከ18 ዓመት ሴናተርነት በኋላ ማለት ነው።

ብዙም አልቆየ። በዚያው ዓመት ስትሮክ መታው፤ ታሞም ቢሆን ስለ ባርነት ኃይል መነሣትና መውደቅ የጀመረውን ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ መጻፉን አልተወም። ኅዳር 22 ቀን 1875 በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ባለው ክፍሉ ሞተ። ጫማ ይሰፋባት የነበረችው ትንሽ የእንጨት ቤት ናቲክ ውስጥ እስካሁን አለች።