ዘፈኑ ምን ሠራ?

«ከድሮው አይደርስም።» አንድ የታወቀ ሙዚቃዊ ፊልም በአዲስ ተዋንያን ተሠርቶ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ ይህ ነው። ጥቂት ቆይቶ ተቃራኒው ይከተላል፦ «ዘመኑን የዋጀ ነው።» ሁለቱም ያናድዱኛል። የመጀመሪያው ተናጋሪው በልጅነቱ ምን ይወድ እንደነበር ይነግረናል፤ ሁለተኛው ፊልሙ ውስጥ ሞባይል ስልክ መኖሩን ይነግረናል። ስለ ፊልሙ ግን ምንም አላወቅንም። ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ሰዎች እንኳ ከዚህ አልፈው ሳይሄዱ ኮከብ ሰጥተው ይሰናበታሉ።

በዚህ ምዕራፍ አንድ መለኪያ ላስጨብጣችሁ እፈልጋለሁ። መሞከሪያ አድርጌ የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «አኒ» ነው። ዳይሬክተሩ ዊል ግላክ ነው፤ ኩቨንዣኔ ዋሊስ አኒን፣ ጄሚ ፎክስ ሀብታሙን ዊል ስታክስን፣ ካሜሮን ዲያዝ ሚስ ሃኒጋንን ሆነው ተጫውተውበታል። የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች የሚመርጠው የራዚ ሽልማት «ከዳግም ሥራዎች የከፋው» ብሎታል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ፊልሙ ግን አንድ ትልቅ ነገር ጥሏል፤ የጣለውን ነገር ከፈራጆቹ አብዛኞቹ አላዩትም።

ለመሆኑ «ድሮ» የሚሉት የቱን ነው? ብዙ ሰው ዋናው አኒ የሚለው ጆን ሂውስተን በ1982 የሠራውን ነው። እሱም ራሱ ዳግም ሥራ ነው። በ1977 ብሮድዌይ ላይ የወጣው ተውኔት፣ ቻርልስ ስትራውስ ዜማውን፣ ማርቲን ቻርኒን ግጥሙን፣ ቶማስ ሚሃን ድርሰቱን የሠሩት፣ ሰባት የቶኒ ሽልማት አግኝቶ 2,377 ጊዜ ታይቷል። ኮሎምቢያ ፒክቸርስ የፊልም መብቱን በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛና በዕድሜው ሙዚቃዊ ፊልም ሠርቶ ለማያውቀው ለሂውስተን ሰጠው። ሂውስተን በርካታ ዘፈኖችን አወጣ፣ አዳዲስ አስገባ፣ በገና ያልቅ የነበረውን ታሪክ ወደ አሜሪካ የነጻነት ቀን አዛወረው። ቻርኒን ፊልሙን አልወደደውም። ያኔም ራዚ ነበር፤ አኒን የተጫወተችውን ታዳጊ አይሊን ኩዊንን «መጥፎ ረዳት ተዋናይት» ብሎ ሸለማት። በአንዲት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መለጠፍ አሳፋሪ ነው፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ዛሬ «የማይደረስበት» የሚባለው ፊልም ግን ያ ነው።

ወደ ኋላ ጥቂት እንጨምር። ወላጅ አልባዋ አኒ የተወለደችው በ1924፣ ሃሮልድ ግሬይ በጋዜጣ ላይ በሚስለው ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ነው። ግሬይ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትንና ኢኮኖሚውን ከውድቀት ለማንሣት ያወጣውን የ«ኒው ዲል» ፖሊሲ አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር። በ1944 የአኒን ሀብታም አሳዳጊ ዋርባክስን በታሪኩ ውስጥ ታሞ እንዲሞት አደረገው፤ በ1945 ሩዝቬልት ሲሞት ደግሞ ዋርባክስን ከሞት መለሰው። የ1977ቱ ተውኔት ምን አደረገ? ዋርባክስንና ሩዝቬልትን በዋይት ሐውስ አንድ ክፍል ውስጥ አገናኝቶ አብረው እንዲዘፍኑ አደረገ። ከምንጩ ጋር ከዚህ በላይ መጣላት አይቻልም፤ ተውኔቱ ግን ድንቅ ነው። እንግዲህ እስካሁን ያየነው፦ ትዝታ መለኪያ አይሆነንም፣ ለምንጭ ታማኝ መሆንም አይሆነንም።

መለኪያው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ዘፈን ሲያልቅ፣ ሲጀምር ያልነበረ ምን ነገር አለ?

የሐበሻ ቀሚስ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ የሚበላው ጨርቁ ነው፤ ጥለቱ ገና ደህና ነው። ታዲያ ጥለቱ ተቆርጦ በአዲስ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ከሩቅ ያምራል። ሸማኔ ከነድሩ አብሮ የሸመነው ጥለት ግን ሌላ ነው፤ ማጉ ከቀሚሱ ድር ጋር ተጠላልፏል፣ አንዱን ክር ብትስቡት ጨርቁ በሙሉ ይሸበሸባል። በሙዚቃዊ ፊልም ታሪኩ ድር ነው፣ ዘፈኑ ማግ ነው። ዳግም የሚሠራ ሰው የወረሰው የተቆረጠውን ጥለት ነው፤ ፈተናው መስፋት ሳይሆን ፈትቶ እንደገና መሸመን ነው። ሰፍቶት እንደሆነ ለማወቅ ቀሚሱን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት፤ ዘፈኑን አውጥታችሁ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ትዕይንቶች አገናኟቸው። ታሪኩ ሳይጎድል ከሄደ የተሰፋ ነው። አንድ ጊዜ ሲታጠብም ይታወቃል፤ አሮጌው ጥለት መግባት ያለበትን ያህል ገብቶ ጨርሷል፣ አዲሱ ጨርቅ ግን ገና ይኮማተራልና ጠርዙ ይጨማደዳል። ፊልምንም ማጠብ ማለት ሁለተኛ ጊዜ ማየት ነው። በመጀመሪያው ዕይታ ዜማው ይሸፍነዋል፤ በሁለተኛው ዜማውን ስለለመድነው ስፌቱ ይወጣል። መወርወሪያውም ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ አይሄድም፤ ከቀኝ ወደ ግራ ካልተመለሰ ጨርቅ የለም። ጥሩ ዘፈንም ከገጸ ባሕርይው ወደ ዓለም ሄዶ ከዓለም ወደ ገጸ ባሕርይው ይመለሳል።

«ቱሞሮው»ን እንውሰድ። በመድረኩ ላይ ይህ ዘፈን ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ አኒ ከወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያው ጠፍታ በክረምት ብርድ፣ ባለቤት ከሌለው ውሻ ጋር ጎዳና ላይ ቆማ ትዘፍነዋለች፤ ራሷን ታጽናናለች። በኋላ ያንኑ ዘፈን በሩዝቬልት ካቢኔ ፊት ትዘፍነዋለች። ሚኒስትሮቹ በኢኮኖሚው ውድቀት ተስፋ ቆርጠው ተቀምጠዋል፤ ፕሬዚዳንቱ አብረዋት እንዲዘፍኑ ያዛቸዋል፤ ከዚያ ክፍል የሕዝብ ሥራ ዕቅድ ይወጣል። ራስን ለማጽናናት የተዘፈነው አገርን ለማሳመን ዋለ። ይህ ሽመና ነው!

ሂውስተን በ1982 የመጀመሪያውን ሥራ አጠፋው፤ ዘፈኑን በመክፈቻው የስም ዝርዝር ላይ አደረገው፣ ገና ልጅቷ ምንም ሳትሆን። የዋይት ሐውሱን ግን አቆየው። ግላክ በ2014 የተገላቢጦሹን አደረገ። የእሱ አኒ በሃርለም የምትኖር፣ ወላጆቿ ጥለዋት የሄዱ፣ በመንግሥት ክፍያ በሚስ ሃኒጋን ቤት የምታድግ ልጅ ናት። ወላጆቿን ፍለጋ ስለ ራሷ የተያዘውን ማኅደር ታገኛለች፤ ውስጡ ምንም የለም። ከዚያ እየሄደች ትዘፍናለች። ባዶ ወረቀት ከያዘች ልጅ አፍ ሲወጣ ያ ዘፈን ከ1982ቱ መክፈቻ እጅግ የበለጠ ክብደት አለው፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሁለተኛው ሥራ ግን የለም። ዘፈኑ ማንንም ማሳመን አይጠበቅበትም።

በምመራቸው የፊልም ውይይት ምሽቶች አንድ ልምምድ አለኝ። ዘፈን ሊጀምር ሲል ፊልሙን አቁሜ ታዳሚው ገጸ ባሕርይው አሁን ምን እንደሚፈልግ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እንደገና ያንኑ ጥያቄ። ሁለቱ መልሶች አንድ ከሆኑ ዘፈኑ አልሠራም። ይህን «አኒ» ሳሳይ ከታዳሚዎቹ አንዷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ፊልሙ ሲከፈት ክፍል ውስጥ አንዲት ባለ ቀይ ጸጉር ልጅ፣ የድሮዋን አኒ የምትመስል፣ ንግግሯን ጨርሳ ትቀመጣለች፤ ከዚያ የኛዋ አኒ ትጠራለች። ስለ ሩዝቬልት የምታቀርበው ጽሑፍ አላት ተብሎ ይጠበቃል፤ እሷ ግን ክፍሉን በጭብጨባና በእግር ድብደባ አስነስታ ትርኢት አደረገችው። ሁሉም ሳቀ። መምህርቷ ወረቀቷ ላይ የጻፈችውን አነበበችልን፦ «ይቺ ልጅ ማንበብ አትችልም። እንዲህ የሚያደርጉ ተማሪዎች አሉኝ።» ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ፊልሙ ያንኑ ገለጠው። ከዚያ ወዲህ ያንን መክፈቻ ያለ እሷ ዐይን አይቼው አላውቅም።

መገለጡም በዘፈን በኩል ነው። «ኦፖርቹኒቲ» ለዚህ ፊልም አዲስ የተሠራ ነው፤ ሲያና ግሬግ ከርስቲን ከግላክ ጋር ጽፈውት ለጎልደን ግሎብ ታጭቷል። አኒ በጉገንሃይም ሙዚየም በተዘጋጀ ግብዣ ላይ፣ በታላላቅ ሰዎች ፊት፣ ስላገኘችው ዕድል ትዘፍናለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወዲያው ከስክሪን ላይ ንግግር እንድታነብ ይጠይቋታል፤ ፊደሎቹን አየት አድርጋ ሮጣ ወጣች። ዘፈኑን አውጡት እስቲ! ውርደቱ ግማሹን ያጣል፤ ምክንያቱም ከፍ ያደረጋት እሱ ነው። አዲስ ዘፈን መጨመር ሁልጊዜ ድፍረት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ትዕይንት ደግመው ይዩት።

አሁን ወደማልታገስበት ክርክር ልግባ፤ ስለ ድምፅ። ይህን ፊልም የነቀፉ ሰዎች አብዛኞቹ ድምፁ በኮምፒውተር ተስተካክሏል ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ ይሰማል። ቀጥለው ግን «ድሮ ተዋንያን በራሳቸው ድምፅ ይዘፍኑ ነበር» ይላሉ። ይህ ሐሰት ነው። በ1956 «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» ላይ ለዲቦራ ከር፣ በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ ለናታሊ ዉድ፣ በ1964 «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ለኦድሪ ሄፕበርን የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰን የምትባል አንዲት ሴት ናት። ስሟ ፊልሞቹ ላይ አልተጻፈም። ወርቃማው ዘመን የሚሉት በውሰት ድምፅ የተሞላ ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄው የንጽሕና ጥያቄ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ማስተካከያው ለምን ይከፋል? አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል መሐንዲስ ነው የሠራው፤ ከመሬት በታች ያለ ነዳጅ ለመፈለግ የድምፅ ሞገድ ሲያጠና የኖረ። ያንኑ ሒሳብ ወደ ሰው ድምፅ አዞረውና በ1997 አውቶ-ቲዩን ወጣ። ፕሮግራሙ ድምፁ የትኛው ኖታ ላይ እንዳረፈ ያውቃል፣ ወደሚቀርበው ትክክለኛ ኖታ ይጎትተዋል። ቀስ ብሎ እንዲጎትት ከተደረገ አይታወቅም፤ በፍጥነት ከሆነ ከኖታ ወደ ኖታ የሚደረገው መንሸራተት ይጠፋል። ሰው ሲፈራ፣ ሲተነፍስ፣ ሲደፍር የሚሰማው በዚያ መንሸራተት ውስጥ ነው። ማርኒ ኒክሰን ያዋሰችው ድምፅም ቢሆን የሰው ትንፋሽ ነበረው። አኒ ደግሞ የድምፅ ፍጹምነት የማያስፈልጋት ገጸ ባሕርይ ናት፤ ባዶ ማኅደር ይዛ የምትሄድ ልጅ ድምፅዋ ቢሰበር ሰሚው ወደ እሷ ይጠጋል። ዋሊስ በዘጠኝ ዓመቷ ለኦስካር የታጨች ተዋናይት ናት፤ ፊቷ የሚሠራውን ሥራ ድምፅዋ እንዳይሠራ ከለከሏት። በዚህ ላይ ነቃፊዎቹ ትክክል ናቸው፤ ምክንያታቸውን ግን አልሰጡም።

አኒ ጥቁር መሆኗን በተመለከተ የተባለው ሁሉ ጊዜ አይገባውም። ጄይ-ዚ በ1998 የ«ሃርድ ኖክ ላይፍ»ን ዜማ ወስዶ ራፕ ሲሠራበት የማሳደጊያው ልጆች ዘፈን በእርግጥ የማን ሕይወት እንደሆነ አሳይቷል፤ ይህን ፊልም ካሠሩትም አንዱ እሱ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የሩዝቬልት ጉዳይ ነው። ሩዝቬልት በፊልሙ ውስጥ አለ፤ የክፍል ሥራ ሆኖ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች። የመምህርቷን ዐይን ላመሰገንኩበት ትዕይንት እንኳ ዋጋው ይህ ነው፤ የአገር ጉዳይ የነበረው የአንዲት ልጅ ትርኢት ሆኖ ያልቃል። በተውኔቱ ሀብታሙ ሰው ከማይወደው ፕሬዚዳንት ጋር አንድ ክፍል ይገባል፣ ልጅቷም መንግሥትን ታናግራለች። በ2014 ሀብታሙ የሞባይል ስልክ ኩባንያ ባለቤት ነው፣ ለከንቲባነት ይወዳደራል፤ አኒን ወደ ቤቱ ያመጣትም የመራጮችን ድምፅ ለማግኘት ነው። መጨረሻ ላይ ከውድድሩ ይወጣል፣ ይወዳታል፣ የንባብ ማዕከል ይከፍታል። እንደ አባት ትክክል አደረገ። ከእሱ ቤት ውጭ ያሉት የሚስ ሃኒጋን ልጆች ግን የሚጠብቁት አንድ ሀብታም ልቡ እንዲራራ ብቻ ነው፤ የመንግሥት ማኅደሮቹም ባዶ እንደሆኑ ቀርተዋል። ግላክ «ቱሞሮው»ን ከንቲባ ሊሆን በሚሻ ሰው፣ ወይም ማኅደሩን በያዘው መሥሪያ ቤት ፊት አዘፍኗት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ሥራ ይመለስ ነበር፤ ታሪኩም ምርጫውን፣ መሥሪያ ቤቱንና ልጅቷን አስቀድሞ አሰናድቶለት ነበር።