የአፍ ቁስል፣ ምችና የሁለት ሳምንት ገደብ

«ለአፍ ቁስል የሚሆን ነገር አላችሁ?» በሳሪስ፣ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ባሉ መድኃኒት ቤቶች ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። አንዱ ጠያቂ የታችኛውን ከንፈሩን ገልበጥ አድርጎ ነጭ ነጥብ ያሳያል፤ ሌላው ከከንፈሩ ዳር ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ሕመማቸውን በአንድ ስም ይጠሩታል። ይሁን እንጂ የሁለቱ መነሻ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ መድኃኒታቸውም እንዲሁ።

በመጀመሪያ የነጩን ነጥብ ጉዳይ እንመልከት። በሕክምና ቋንቋ «አፍተስ አልሰር» የሚባለው ይህ ቁስል ክብ፣ መሐሉ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። የሚወጣው በከንፈርና በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ ወይም በምላስ ሥር ባለው ለስላሳ ሽፋን ላይ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚፈጠረው የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን የአፍ ሽፋን ሲያጠቃ እንደሆነ ይታመናል። ቀስቃሾቹ ብዙ ናቸው፦ ጉንጭን በድንገት መንከስ፣ ስለታም ጥርስ፣ የዘር ውርስ፣ ጭንቀት። በፈተና ሰሞን አፋቸው የሚቆስል ተማሪዎች እንግዲህ በከንቱ አያማርሩም። የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ቁስሉን ሊያመላልሰው ይችላል። ጾም ይህን እጥረት ያመጣል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ነገር ግን ጤነኛ ጉበት የሚያከማቸው ቢ12 ለዓመታት የሚበቃ በመሆኑ የጥቂት ሳምንታት ጾም ብቻውን አያጎድለውም። በርበሬም ቢሆን የወጣውን ቁስል ያቃጥላል እንጂ ቁስሉን አይፈጥርም።

ከከንፈር ዳር የሚወጣው ሽፍታ ግን ሕዝባችን «ምች» ከሚለው ሕመም ጋር የሚያያይዘው ነው። መንስኤው «ኸርፒስ ሲምፕሌክስ» የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደሚሸከመው ይገመታል። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም፤ የፊትን ስሜት በሚያስተላልፈው ነርቭ ሥር ተሸሽጎ ይተኛል። ትኩሳት፣ ድካም ወይም ብርቱ ፀሐይ ሲቀሰቅሰው ነርቩን ተከትሎ ወደ ከንፈር ይወርዳል። «ፀሐይ ላይ ወጥቶ ምች መታው» የሚለው አባባል፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ተራ ተረት ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ቀስቃሹን በትክክል አስተውሏል፤ ያላየው በዓይን የማይታየውን ቫይረስ ብቻ ነው። ስለ ዳማ ከሴም እንዲሁ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቅጠሉ ትኩሳትና እብጠት የማስታገስ ኃይል እንዳለው አመልክተዋል። ሽፍታው ግን ያለ መድኃኒትም ቢሆን በ10 ቀን ገደማ የሚድን ስለሆነ፣ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሁን ለጊዜው መለየት ያስቸግራል። ይህ ሽፍታ ተላላፊ በመሆኑ፣ እስኪደርቅ ድረስ በአንድ ብርጭቆ አለመጠጣትና ሕፃናትን አለመሳም ያስፈልጋል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ነጩ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ፣ በርበሬና ሎሚን ለጊዜው መተው፣ ለስላሳ ብሩሽ መጠቀም በቂ ነው። ሕመሙ ከጠና ሐኪም የሚያደነዝዝ ወይም እብጠት የሚቀንስ ቅባት ያዝዛል። አስፕሪን ቁስሉ ላይ ማስቀመጥ ግን ሽፋኑን በአሲድ አቃጥሎ ሌላ ቁስል ይጨምራል። የአንቲባዮቲክ እንክብል ፈትቶ መነስነስም ጥቅም የለውም፤ ሕመሙ የባክቴሪያ አይደለምና።

ሁለት ሳምንት አልፎ፣ በተለይም ሦስተኛው ሳምንት ሞልቶ ያልዳነ ቁስል ግን መታየት አለበት። ሕመም የሌለው ጠንካራ ቁስል የአፍ ካንሰር መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ትምባሆ የሚያዘወትሩ ሰዎች ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። ትልልቅና ተመላላሽ ቁስል ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የኤች አይ ቪ ምልክት ስለሚሆን ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ሁለት ሳምንት የማይጠበቅለት አንድ ቁስል አለ። «ኖማ» ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው መጋጥን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናትን ያጠቃል፤ ኩፍኝ ብዙ ጊዜ ይቀድመዋል። ከድድ ላይ በትንሽ ቁስል ጀምሮ በቀናት ውስጥ ጉንጭን ይበሳል፤ ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። አውሮፓ ውስጥ ኑሮ ሲሻሻል ጠፍቶ የነበረ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚ ማጎሪያ ካምፖች እንደገና ታይቷል። በሀገራችንም ከበሽታው ተርፈው ፊታቸው የተጎዳ ወገኖች፣ ከውጭ በመጡ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች አዲስ አበባ ውስጥ ሲታከሙ ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ብቻ ነው። ለነጩ ቁስል የማይረባው አንቲባዮቲክ ለኖማ ግን ሕይወት አዳኝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተመጣጠነ ምግብ ጋር ከተሰጠ በሽታው እዚያው ድድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ የደከመ ሕፃን ድዱ ደምቶ፣ አፉ ከሸተተና ጉንጩ ካበጠ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።