የ1990ዎቹ ታላቅ የሮክ ባንድ የትኛው ነው? ክርክሩና መለኪያዎቹ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከገነኑት የሮክ ሙዚቃ ባንዶች መካከል ታላቁ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ፣ ዘመኑ ካበቃ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም በአሜሪካና በብሪታኒያ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ዘንድ መቋጫ አላገኘም። ኒርቫናን፣ ፐርል ጃምን፣ ሬዲዮሄድን፣ ኦኤሲስን ወይም ዩ ቱን የሚያስቀድሙ ወገኖች የየራሳቸውን ማስረጃ ያቀርባሉ። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በማስረጃነት የሚቀርቡት አኃዞች፣ ሽልማቶችና ምዝገባዎች እንዴት እንደተገኙ ሲመረመር፣ ጉዳዩ የአቆጣጠር ዘዴ፣ የሕግና የተቋማት አሠራር ጉዳይም ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በክርክሩ በቅድሚያ የሚነሳው የሽያጭ ቁጥር ነው። ቢልቦርድ የተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት በየሳምንቱ የሚያወጣው የአልበሞች ሰንጠረዥ፣ እስከ 1991 አጋማሽ ድረስ ይዘጋጅ የነበረው ለሙዚቃ መደብሮች ስልክ በመደወል፣ የመደብሮቹ ሠራተኞች “በብዛት ተሸጧል” ያሉትን በመጠየቅና መልሱን በማጠናቀር ነበር። አሠራሩ ለግምት፣ ለሠራተኛው የግል ምርጫና ለአሳታሚ ኩባንያዎች ግፊት የተጋለጠ ነበር። ከሜይ 25 ቀን 1991 ጀምሮ ግን መጽሔቱ ሳውንድስካን በተባለ ሥርዓት መጠቀም ጀመረ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ካሴትና ሲዲ ሒሳብ ሲከፈልበት ማሽን የሚያነበው የባርኮድ መረጃ በቀጥታ ይሰበሰባል።

የአቆጣጠሩ መለወጥ ያስከተለው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ቀደም ሲል የጥቂቶች ምርጫ እንደሆኑ ይታሰቡ የነበሩት ከባድ ሮክ፣ ራፕና የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ በሰንጠረዡ አናት ላይ መታየት ጀመሩ። በኦገስት 1991 የወጣው የሜታሊካ አልበም በመጀመሪያ ሳምንቱ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን ደግሞ ከዋሽንግተን ግዛት የተነሳው ኒርቫና “ኔቨርማይንድ” የተሰኘውን ሁለተኛ አልበሙን አወጣ። አሳታሚው ኩባንያ ከአልበሙ ብዙም ስላልጠበቀ መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ ያሰራጨው 46 ሺህ ያህል ቅጂ ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 1992 ግን አልበሙ የማይክል ጃክሰንን “ዴንጀረስ” ከአንደኛ ደረጃ አውርዶ ቦታውን ያዘ። ሕዝቡ የሚገዛው በቀድሞው አሠራርም ያንኑ አልበም እንደነበር አያጠራጥርም። ግዢው ይህን ያህል ፈጥኖ በሰንጠረዡ ላይ ይታይ ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል።

የኒርቫና ደጋፊዎች ይህን ክስተት እንደ ዋና ማስረጃ ያቀርቡታል። ባንዱ በአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎችና የአሳታሚ ኩባንያዎች ምርጫ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በእርግጥም ከፍተኛ ነበር። ኩባንያዎቹ ወኪሎቻቸውን ወደ ሲያትል ከተማ በመላክ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቡድኖች ማስፈረም ያዙ። ሆኖም ድምፃዊው ከርት ኮቤይን በኤፕሪል 1994 በ27 ዓመቱ ሕይወቱ በማለፉ፣ ባንዱ በስቱዲዮ የተቀረጹ ሦስት አልበሞችን ብቻ ትቶ አልፏል። ተቃራኒው ወገን “ታላቅነት ዕድሜን ይጠይቃል” የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽያጭ ብቻውን መለኪያ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ባርኮድን መሠረት ያደረገው ቆጠራ ከተጀመረ ወዲህ በአሜሪካ በብዛት የተሸጠው አልበም ከ16 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠለት የሜታሊካ የ1991 ሥራ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው የሁቲ ኤንድ ዘ ብሎውፊሽ ጉዳይ ነው። ከደቡብ ካሮላይና የተነሳው ይህ ባንድ በ1994 ያወጣው “ክራክድ ሪር ቪው” በአሜሪካ የ21 ሚሊዮን ቅጂ ዕውቅና ማረጋገጫ ተሰጥቶታል። እንዲህም ሆኖ ታላቁ ባንድ የትኛው ነው በሚለው ክርክር ስሙን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም። በቁጥር የሚከራከሩ ወገኖች ይህን ምሳሌ ሲሰሙ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ መለኪያ ይሸጋገራሉ።

ለመንግሥት ሠራተኛና ለኃላፊ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የፐርል ጃም ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። የሲያትሉ ባንድ በኦክቶበር 1993 ያወጣው ሁለተኛ አልበም በመጀመሪያው ሳምንት 950 ሺህ ያህል ቅጂ በመሸጥ በወቅቱ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ነበር። ባንዱ ይህን ያገኘው ለአልበሙ የቪዲዮ ክሊፕ አልሠራም ብሎ ነው። በዚህ የዝናው ከፍታ ላይ እያለ የኮንሰርት መግቢያ ዋጋ ከ20 ዶላር በታች እንዲሆንና ትኬት ሻጩ የሚጨምረው የአገልግሎት ክፍያም ከ1 ዶላር ከ80 ሣንቲም እንዳይበልጥ ጠየቀ። ቲኬትማስተር የተባለው ኩባንያ በዚህ አልተስማማም። ኩባንያው ከአገሪቱ ትላልቅ አዳራሾችና ስታዲየሞች ጋር ትኬታቸውን እሱ ብቻ እንዲሸጥ የሚያስችል ውል ስለነበረው፣ ባንዱ ያለ እሱ ትልቅ የኮንሰርት ጉዞ ማካሄድ አዳጋች ሆነበት።

ፐርል ጃም በ1994 ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አቤቱታ አቀረበ። በጁን 30 ቀን 1994 የባንዱ አባላት ስቶን ጎሳርድና ጄፍ አመንት በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ምስክርነት ሰጡ። የዚያ ዓመት የበጋ ጉዞ ተሰረዘ። በ1995 ባንዱ የቲኬትማስተር ውል የሌለባቸውን ሥፍራዎች እየፈለገ ለመጫወት ቢሞክርም ከከተማ ራቅ ያሉ ሜዳዎችን ማዘጋጀት፣ የጥበቃና የፈቃድ ጉዳዮችን መጨረስ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ፍትሕ ሚኒስቴሩም በጁላይ 1995 ምርመራውን መዝጋቱን በአጭር መግለጫ አስታወቀ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቲኬትማስተር በ2010 ላይቭ ኔሽን ከተባለው የኮንሰርት አዘጋጅ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። በሜይ 2024፣ ማለትም ሁለቱ ሙዚቀኞች ከመሰከሩ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ፍትሕ ሚኒስቴሩ ከበርካታ ግዛቶች ጋር በመሆን በተዋሐደው ኩባንያ ላይ የፀረ-ሞኖፖሊ ክስ መሠረተ። የፐርል ጃም ደጋፊዎች የባንዱን ታላቅነት ከዘፈኖቹ ይልቅ በዚህ ተግባሩ ለማስረዳት የሚመርጡበት ጊዜ አለ። ለሙዚቃ ባንድ ያልተለመደ ዓይነት ማስረጃ ቢሆንም በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

የአሜሪካ ሬዲዮም በዚያው አሥርት ዓመት በሕግ ምክንያት መልኩን ቀይሯል። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በፌብሩዋሪ 1996 የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ቁጥር የሚወስነውን ገደብ አነሳ። ቀድሞ ገደቡ 40 ጣቢያ ገደማ ነበር፤ ክሊር ቻናል የተሰኘው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 ሺህ 200 በላይ ጣቢያዎችን ሰብስቧል። ከየአካባቢው ትናንሽ ጣቢያዎች ተነስተው አገር አቀፍ ዝና ላይ የደረሱ ባንዶች በአብዛኛው የአሥርት ዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ፍሬዎች መሆናቸው ሲታሰብ ይህንንም ማስታወስ ይገባል።

በብሪታኒያ የክርክሩ መልክ ከዚህ የተለየ ነው። በኦገስት 14 ቀን 1995 የለንደኑ ብለርና የማንቸስተሩ ኦኤሲስ ነጠላ ዜማዎቻቸውን በአንድ ቀን አወጡ። ጋዜጦችና ቴሌቪዥን ፉክክሩን የደቡብና የሰሜን፣ የመካከለኛው መደብና የሠራተኛው መደብ ፍልሚያ አድርገው አቀረቡት። ብለር 274 ሺህ፣ ኦኤሲስ ደግሞ 216 ሺህ ቅጂ በመሸጣቸው አሸናፊው ብለር ሆነ። የብለር ዜማ በሁለት የተለያዩ ሲዲዎች መውጣቱ፣ አንድ ደጋፊ ሁለቱንም ሊገዛ ይችል ስለነበር፣ ለውጤቱ አስተዋጽኦ ሳያደርግ እንዳልቀረ ይነገራል። ይሁንና ኦኤሲስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ያወጣው ሁለተኛ አልበም በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን በላይ ቅጂ በመሸጥ ተቀናቃኙን ጥሎ አለፈ። በኦገስት 1996 ባንዱ በኔብዎርዝ ለሁለት ምሽቶች 250 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ የተጫወተ ሲሆን፣ ትኬት ለማግኘት ያመለከተው ሰው ከ2 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ተዘግቧል።

ፖለቲከኞችም ከዚህ ዝና ለመጋራት ጊዜ አላጠፉም። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር፣ በጁላይ 1997፣ የኦኤሲሱን ኖኤል ጋላገርን ጨምሮ የጥበብ ሰዎችን በዳውኒንግ ስትሪት ተቀብለው አስተናገዱ። ግንኙነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ሞቅ ያለ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1998 በተካሄደው የብሪት ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ቻምባዋምባ የተባለው ቡድን አባል በሊቨርፑል የወደብ ሠራተኞች ጉዳይ ተቆጥቶ በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ፕሬስኮት ላይ ውሃ ደፍቷል።

ኦኤሲስ በ2009 ከተበተነ በኋላ በጁላይ 2025 በካርዲፍ ከተማ እንደገና ወደ መድረክ ተመልሷል። የትኬት ሽያጩ በ2024 ሲጀመር የዋጋው አወሳሰን ቅሬታ በማስነሳቱ፣ የብሪታኒያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በቲኬትማስተር ላይ ምርመራ ከፍቶ ነበር። ፐርል ጃም በ1994 ያነሳው ጥያቄ በሌላ አገር በሌላ ባንድ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሬዲዮሄድን የሚያስቀድሙ ተከራካሪዎች ሽያጭንም ፉክክርንም ወደ ጎን ይተዋሉ። ከኦክስፎርድሻየር የተነሳው ይህ ባንድ በ1997 ያወጣው “ኦኬ ኮምፒዩተር”፣ የሰው ልጅ ከማሽን፣ ከፍጥነትና ከብቸኝነት ጋር ያለውን ጭንቀት በማንሳቱ ከዘመኑ የቀደመ ሥራ ተደርጎ ይወሰዳል። የሙዚቃ ሐያስያን በየጊዜው በሚያወጧቸው ዝርዝሮች ላይ አልበሙ ከላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ባንዱ በ2007 ደግሞ አዲስ አልበሙን በኢንተርኔት አቅርቦ አድማጩ የፈለገውን ዋጋ እንዲከፍል በማድረግ የሽያጭ ልማዱን ፈትኗል።

ዩ ቱ በ1976 በደብሊን የተቋቋመ በመሆኑ “የሰማንያዎቹ ባንድ ነው” በሚል ከክርክሩ እንዲወጣ የሚጠይቁ አሉ። ድምፃዊው ቦኖ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1985 ከባለቤቱ ጋር ወደ ወሎ መጥቶ በአጅባር ለሳምንታት በበጎ ፈቃደኝነት ያገለገለ ሲሆን፣ በ2002 ደግሞ ከአሜሪካው የግምጃ ቤት ሚኒስትር ፖል ኦኒል ጋር በአፍሪካ ባደረገው ጉብኝት ኢትዮጵያን ጎብኝቷል። ከዘጠናዎቹ ሥራዎቹ መካከል ግን ከሁሉ የሚከብደው አልበም ሳይሆን አንድ ምሽት ነው ለማለት ይቻላል። ባንዱ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1997፣ የቦስኒያ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሳራዬቮ ኮሼቮ ስታዲየም ተጫውቷል። በከበባ ውስጥ ለዓመታት የኖረችው ከተማ ትናንት በጦር የተፈላለጉ ወገኖችን በአንድ ሜዳ አስተናግዳለች። ከየአቅጣጫው የመጣው ታዳሚ 45 ሺህ ያህል ነበር።

ከዚሁ ጋር የአየርላንዱ ክራንቤሪስም ይነሳል። የባንዱ ድምፃዊት ዶሎረስ ኦሪዮርዳን በ1994 የወጣውን “ዞምቢ” የጻፈችው፣ በማርች 1993 በእንግሊዟ ዋሪንግተን ከተማ በፈነዳ ቦምብ ሁለት ሕፃናት በመሞታቸው ነው። ባንዱ በታላላቆቹ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ዜማው እንግሊዝኛ በማይናገሩ አገሮች ጭምር ታውቋል።

ክርክሩን በተቋም ደረጃ ለመዳኘት የሚሞክረው በክሊቭላንድ የሚገኘው የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ነው። አንድ ባንድ ለዕጩነት የሚበቃው የመጀመሪያ ሥራውን ለገበያ ካቀረበ 25 ዓመት ሲሞላው ሲሆን፣ ምርጫው የሚካሄደው ሙዚቀኞችን፣ የታሪክ ባለሙያዎችንና የዘርፉን ሰዎች ባካተተ ድምፅ ሰጪ አካል ነው። ኒርቫና በ2014፣ ፐርል ጃም በ2017፣ ሬዲዮሄድ በ2019፣ ሳውንድጋርደን በ2025 ገብተዋል። ኦኤሲስ በ2024ም በ2025ም ታጭቶ ሳይመረጥ ቀርቷል። ለብሪታኒያ ደጋፊዎች ይህ የባንዱን ታላቅነት የሚቀንስ ሳይሆን የድምፅ ሰጪዎቹን አሜሪካዊ ዝንባሌ የሚያሳይ ነው።

ከክብር አዳራሹ ይልቅ ጠንከር ያለ መንግሥታዊ መሠረት ያለው የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ቅርስ መዝገብ ነው። መዝገቡ በ2000 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ በባህል፣ በታሪክ ወይም በውበት ፋይዳቸው ሊጠበቁ ይገባል የተባሉ 25 ቅጂዎችን በየዓመቱ ይመዘግባል። “ኔቨርማይንድ” በ2004፣ “ኦኬ ኮምፒዩተር” በ2014፣ የግሪን ዴይ “ዱኪ” ደግሞ በ2023 ምዝገባ ተካተዋል። የሬዲዮሄድ አልበም የብሪታኒያ ሥራ ሆኖ ሳለ በአሜሪካ መዝገብ መግባቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መዝገቡ ሥራዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ አያስቀምጥም። አንድ ቅጂ ለምዝገባ የሚታየው ቢያንስ 10 ዓመት ሲያስቆጥር ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው ጥቆማውን ለቤተ መጻሕፍቱ ማቅረብ ይችላል።