የኢሜይል ፎልደር ሲያብጥ

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ደብዳቤ ሲመጣ በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ጉዳይ ይጻፍለታል፤ ከዚያ ወደ ፋይሉ ይገባል። ፋይሉ ሲወፍር ይዘጋና በዚያው ርእስ ቅጽ 2 ይከፈታል። መደርደሪያው ሰፊ ቢሆንም ይከፈታል፤ የወፈረ ፋይል ለሚያገላብጠው ሰው ያስቸግራልና። ወደ ኢሜይል ስንሻገር ይህን ልማድ እዚያው መዝገብ ቤት ትተነው መጣን።

አንዲት የሒሳብ ሹም አውቃለሁ። ጠዋት ኢሜይላቸውን ይከፍቱና እስኪዘረዘር ሌላ ሥራ ይጀምራሉ። «ልጄ፣ 50 ጊጋባይት ተሰጥቶኛል፤ ግማሹንም አልሞላሁት። ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ኢንቦክሳቸው ውስጥ 140 ሺህ ገደማ መልእክት ነበር። ጊጋባይት የሚለካው ክብደትን ነው። የእሳቸው ችግር ግን ብዛት ነበር፤ ብዛት ለምን እንደሚያደክም ለመረዳት ደግሞ ሰርቨሩ ደብዳቤን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማየት ያስፈልጋል።

ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የመጀመሪያውን የኔትወርክ መልእክት ሲልክ አሠራሩ ቀላል ነበር፤ የመጣው መልእክት በተቀባዩ ፋይል መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። በዩኒክስ ዓለም ኤምቦክስ የሚባለው አቀማመጥ ይህንኑ ልማድ ያዘ። ፎልደሩ በሙሉ አንድ ረጅም ፋይል ነው። የአንዱ ደብዳቤ መጀመሪያ የሚታወቀው «ፍሮም» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል በሚጀምር መስመር ነው። በደብዳቤው ውስጥ በዚሁ ቃል የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ካለም ሰርቨሩ እንዳይሳሳት ከፊቱ የቀስት ምልክት ይለጥፍበታል።

ኤምቦክስ ላይ መጨመር ርካሽ ነው፤ መሰረዝ ግን ውድ ነው። የ3 ጊጋባይት ፋይል መሃል ያለች አንዲት አጭር ደብዳቤ ለማውጣት ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ እንደገና መጻፍ አለበት። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ሥራውን ያቆዩታል። ደብዳቤዋ «ተሰርዛለች» የሚል ምልክት ይደረግባትና ከዝርዝሩ ትጠፋለች፤ ፋይሉ ውስጥ ግን እንዳለች ናት። ተንደርበርድ በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ደብዳቤ የሚያስቀምጠው ካልቀየርነው በስተቀር ዛሬም በዚህ መንገድ ነው። «ፎልደሩን ላጠጋጋው?» ብሎ የሚጠይቀንም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ለዓመታት «አይ» እያለ ያልፈዋል። «እሺ» ቢሉት ጥሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዳንኤል በርንስታይን ኪውሜይል ለተባለው ሰርቨሩ ሌላ መንገድ ነደፈ፤ ስሙም ሜይልዲር ነው። እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ ፋይል አለው፣ ፎልደሩም ሦስት ክፍል አለው። አዲስ ደብዳቤ መጀመሪያ በጊዜያዊው ክፍል ተጽፎ ያልቃል፤ ሲያልቅ ወደ «አዲስ» ይዛወራል፤ ፕሮግራሙ ካየው በኋላ ወደ ሦስተኛው ያልፋል። እኔ ይህን ንድፍ እወደዋለሁ። ደብዳቤው እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ በግማሽ የተጻፈው ጊዜያዊው ክፍል ውስጥ ይቀራል እንጂ ኢንቦክስ ውስጥ አይገባም፤ የላከው ሰርቨርም የመቀበያ ማረጋገጫ ስላልደረሰው መልሶ ይሞክራል። ደብዳቤው መነበቡ ወይም መልስ ማግኘቱ ደግሞ በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ በአንድ አንድ ፊደል ይመዘገባል።

የሜይልዲር ዕዳ ብዛት ነው። 140 ሺህ ደብዳቤ ማለት በአንድ ማውጫ ውስጥ 140 ሺህ ፋይል ማለት ነው፤ ምን እንደተለወጠ ለማወቅም የስሞቹን ዝርዝር ማለፍ ያስፈልጋል። በተለመደው የሊኑክስ ዲስክ ላይ ትንሿም ፋይል 4 ኪሎባይት ቦታ ትይዛለች። ከዚህ የሚብሰው ግን አይኖድ የሚባለው የፋይሎች መለያ ነው። እንደ ኢኤክስቲ4 ባለው ሥርዓት የአይኖድ ቁጥር የሚወሰነው ዲስኩ ሲዘጋጅ ነው። ቁጥሩ ካለቀ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖም ሰርቨሩ «ቦታ የለም» ብሎ አዲስ ደብዳቤ አይቀበልም። ባክአፕ የሚይዝ ባለሙያም ይህን ያውቃል፤ ሚሊዮን ትናንሽ ፋይል መገልበጥ ያንኑ ያህል ክብደት ያለው አንድ ትልቅ ፋይል ከመገልበጥ እጅግ ይረዝማል።

የገቢ መዝገቡ በኮምፒዩተር ቋንቋ ኢንዴክስ ነው። ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ዶቭኮት የተባለ ሰርቨር ፈጣን የሆነው በዚሁ ነው፤ የእያንዳንዱን ደብዳቤ መለያ ቁጥር፣ ምልክትና ላኪውን፣ ጉዳዩን የመሳሰሉ ዝርዝሮች ለይቶ ይይዛል። ዝርዝሩን ስንጠይቅ ደብዳቤዎቹን ሳይከፍት ከመዝገቡ አንብቦ ይመልሳል። ኢንዴክሱ ሲበላሽ ግን እንደገና መገንባት አለበት፤ ፎልደሩ በወፈረ ቁጥር ይህ ይረዝማል። በደብዳቤው ውስጥ ያለ ቃል ስንፈልግም እንዲሁ ነው። ለዚያ የተዘጋጀ የፍለጋ ኢንዴክስ ከሌለ ሰርቨሩ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ያነባል።

ከሰርቨሩ እስከ ስልካችን ያለው መንገድም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማርክ ክሪስፒን ስታንፎርድ ሳለ የነደፈው አይማፕ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥና ከየትም እንዲታይ የሚያደርግ ስምምነት ነው። በመሠረታዊው አይማፕ ስልኩ የትኛው ደብዳቤ እንደተነበበ ወይም እንደተሰረዘ ለማወቅ የሁሉንም ምልክት ይጠይቃል። አንዱ መልስ 40 ፊደል ያህል ቢሆን ለ140 ሺህ ደብዳቤ ከ5 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፤ አንድም ደብዳቤ ሳይነበብ። የሞባይል ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ኋላ ላይ የተጨመሩ ቅጥያዎች «ከዚህ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ንገረኝ» ማለትን አስችለዋል፤ የሚጠቅሙት ግን ሰርቨሩም ፕሮግራሙም ሲያውቋቸው ነው።

ማይክሮሶፍትም ለኤክስቼንጅ ሰርቨሩ ምክር ሲሰጥ የቆጠረው ብዛትን ነው። በ2003ቱ እትም ዘመን ኢንቦክስን በመሰሉ ዋና ፎልደሮች ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ እንዳይከማች ይመክር ነበር፤ በ2007ቱ 20 ሺህ፣ በ2010ሩ 100 ሺህ ደረሰ። ሰርቨሮቹ ጠንክረዋል፤ እኛም አብረን ዘና ብለናል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 አንድ ጊጋባይት በነፃ ሲሰጥ የሆትሜይል ነፃ ሳጥን 2 ሜጋባይት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሰረዝ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው ረሳው።

ክብደትም ቢሆን አይናቅም። ኢሜይል የተሠራው ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለነበር አባሪ ፋይል የሚላከው ቤዝ64 በሚባል ዘዴ ወደ ፊደል ተለውጦ ነው፤ 3 ባይት 4 ይሆናል። የ9 ሜጋባይት ሰነድ ከ12 ሜጋባይት ያልፋል። የእኛ ፊደል በተለመደው ዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ በቤዝ64 ሲላክ አንዱ ፊደል በትክክል 4 ምልክት ይሆናል። የፎልደር ስምም በአማርኛ ሲጻፍ መሠረታዊው አይማፕ በራሱ ኮድ ይለውጠዋል፤ «ደብዳቤ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ስም 13 ምልክት ይሆናል። በብዙ ሰርቨሮች ላይ በሜይልዲር ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲገባ ስሞቹ ተቀጥለው አንድ ስም ስለሚሆኑና የአንድ ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ፣ ረጃጅም የአማርኛ ስሞችን መደራረብ አይመከርም።

ወደ ሹሟ ልመለስ። ብዙዎች ወዲያው መሰረዝ ይጀምራሉ፤ እኔ ግን የሒሳብ ደብዳቤ በችኮላ ሲሰረዝ ማየት አልወድም። ማዛወር ይበቃል። ጥንቃቄ የሚሻው አዘዋወሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አይማፕ ማዛወርን እንደ አንድ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ማዛወር ማለት ገልብጦ፣ የቀድሞውን «የተሰረዘ» ብሎ ምልክት አድርጎ፣ በመጨረሻ ማጥራት ነበር፤ የቆዩ ፕሮግራሞች አሁንም እንዲህ ያደርጋሉ። በመሃሉ ደብዳቤው ሁለት ቦታ ስለሚገኝ ኮታው ሊሞላ የቀረበ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ቦታ ያጣል። ማጥራቱ ከተረሳ ደግሞ የቀድሞው ቅጂ እዚያው ይቀራል። በአንዳንድ የዶቭኮት አቀማመጥ ከተጣራም በኋላ አስተዳዳሪው የማጽጃ ትእዛዝ እስኪሰጥ ዲስኩ አይለቀቅም። ስለዚህ ባክአፕ ተይዞ፣ ጥቂት ሺህ በጥቂት ሺህ ማዛወር ይሻላል፤ የሚቻል ከሆነም አስተዳዳሪው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ቢያዛውረው ደብዳቤው በኔትወርክ አይመላለስም። የተላኩ ደብዳቤዎች ፎልደርም አይረሳ፤ አባሪ የሚከማቸው እዚያም ነው።

የሹሟን ደብዳቤ በበጀት ዓመት ከፋፈልነው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ስሞቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቁጥር ብቻ ጻፍናቸው፦ 2013፣ 2014፣ 2015። ያለፉትን ዓመታት ስልካቸው እንዳያመሳስላቸው አደረግን። ኢንቦክሱ ውስጥ የቀረው የያዝነው ዓመት ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደወሉልኝ፤ ዝርዝሩ ወንበራቸውን ሳያስጠጉ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 1 ሲመጣ አዲሱን ፎልደር ራሳቸው እንደሚከፍቱትም ነገሩኝ።