«ዛሬማ አንዴ ተበላሽቷል»

እ.ኤ.አ. በ1975 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ኸርማንና ባልደረባው 45 ሴት ተማሪዎችን «የጣዕም ጥናት ነው» ብለው ጋበዙ። አንዳንዶቹ አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ሚልክሼክ ጠጡ፤ ሌሎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ቀጥሎ ለሁሉም ሦስት ዓይነት አይስክሬም ቀረበና «የፈለጋችሁትን ያህል እየቀመሳችሁ አስተያየት ስጡ» ተባሉ። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት ግን አስተያየቱን ሳይሆን የተበላውን መጠን ማወቅ ነበር።

ስለ ክብደታቸው ብዙም የማይጨነቁት ተማሪዎች ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ቀንሰው በሉ። ዘወትር ራሳቸውን ከምግብ የሚከለክሉት ግን ተቃራኒውን አደረጉ። ከእነሱ መካከል ምንም ካልጠጡት ይልቅ የጠጡት አብልጠው በሉ። ሆድ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ያደረገው «ሕጌን አንዴ ጥሻለሁ፤ ዛሬ ተበላሽቷል፤ ነገ እንደ አዲስ እጀምራለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኔት ፖሊቪ በዓመቱ ባደረጉት ሌላ ሙከራ ይህ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ዳይት ላይ ያሉ ሰዎችን አብልጠው እንዲበሉ የገፋፋቸው የቀመሱት ፑዲንግ ትክክለኛ ካሎሪ ሳይሆን «ካሎሪው ብዙ ነው» ብለው ማመናቸው ነበር።

ስለዚህ ከልክ በላይ የሚበላን ሰው «ፈቃደ ደካማ ነህ» ማለት ስህተት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው። ብዙ ጊዜ ከልክ ያለፈውን አበላል የሚወልደው ከልክ ያለፈው ክልከላ ነው።

ክልከላ በአእምሮ ላይ የሚያደርገውን ከሁሉም በላይ ያሳየው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ሙከራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ተመራማሪው አንሰል ኪይስ ጤናማ የሆኑ 36 ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀነሱባቸው። ወጣቶቹ በአማካይ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የሐሳባቸው መለወጥ ነው። ቀድሞ ስለ ምግብ ግድ ያልነበራቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ፣ ሳህን መላስ፣ አንዱን ምግብ ለረጅም ሰዓት እየቆራረሱ መብላት ጀመሩ። ምግቡ ሲፈቀድላቸውም አንዳንዶቹ ሆዳቸው እየሞላ ረሃቡ አልለቃቸው አለ። እነዚህ ሰዎች ስለ ውፍረት የሚጨነቁ አልነበሩም። የተራበ አካል የሚያደርገውን ነበር ያደረጉት።

የኦክስፎርዱ ሐኪም ክሪስቶፈር ፌርበርን ከልክ በላይ ለሚበሉ ሰዎች የሚሰጡትን ሕክምና የገነቡት ክልከላ ከልክ በላይ ወደ መብላት እንደሚገፋ በመረዳት ነው። ታካሚያቸውን መጀመሪያ «ቀንስ» አይሉትም፤ «በሰዓቱ ብላ» ይሉታል። በቀን ሦስት ጊዜ ማዕድ፣ በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀለል ያለ መክሰስ፣ ከአንዱ እስከ ሌላው ከአራት ሰዓት ያልበለጠ ልዩነት። ከዚህም ጋር የበላውን ወዲያው በማስታወሻ ላይ መጻፍ፤ የት እንደበላ፣ ምን ተሰምቶት እንደነበር ጭምር። ሳይቆይ ሰውየው ከልክ በላይ የሚበላው መቼ መቼ እንደሆነ ያያል። ከሥራ ጭቅጭቅ በኋላ፣ ቁርስና ምሳ በዘለለበት ቀን ማታ፣ ወይም ብቻውን ሲሆን። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ማስታወሻ ነው፤ ወቀሳን በመረጃ ይተካዋልና።

ወቀሳ ራሱ ያበላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ክሌር አዳምስና ማርክ ሊሪ ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች መጀመሪያ ዶናት እንዲበሉ ተደረገ። ከዚያ ለአንዳንዶቹ «በዚህ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ሁሉም ሰው ይበላዋል» የሚል ቃል ተነገራቸው። በኋላ ከረሜላ ሲቀርብ፣ ዳይት ላይ ከነበሩት መካከል ይህን ቃል የሰሙት ካልሰሙት አንሰው በሉ። ለራስ መራራት ልጓሙን ያላላል ብለን እንፈራለን፤ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው።

እዚህ ላይ የሚጾም አንባቢ «እኛስ?» ማለቱ አይቀርም። ጾምን ከዳይት ጋር አንድ አድርጌ አላየውም። ጾም ማብቂያው የታወቀ፣ ከወገን ጋር የሚያዝ፣ ዓላማውም ከመስተዋት ፊት የማይለካ ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ የመብላት ችግር ላለበት ሰው ሳይበላ እስከ ከሰዓት በኋላ መቆየት ማታ የሚመጣውን ሊያባብስበት ይችላል። በክርስትናም ሆነ በእስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ አለና፣ እንዲህ ያለው ሰው ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ወይም ሼሁን ቢያማክር ምንም አያፍርበትም። ቤተሰብም «በሞቴ» እያለ ጉርሻ ሲደራርብበት፣ አንድ ጊዜ «በቃኝ» ሲል ቢሰማው ትልቅ እርዳታ ነው።

ችግሩ በሽታ የሚሆንበት መስመርም አለ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌሎች ከሚበሉት እጅግ የበዛ ምግብ እየበላ ማቆም እንዳቃተው ከተሰማው፣ በዚህም ከተጨነቀና ለሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ከደረሰበት ችግሩ በሽታ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ማየት ያስፈልገዋል። ከበላ በኋላ ራሱን የሚያስመልስ፣ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይህን ያህል ሳይጠብቅ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።